ጥቁር ላይ ያልተነጠፈ ወርቅ

ፕሮፌሰሩ የሞቱት ወርቃቸው ፊት እንደተቀመጡ ነው። ግንባራቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው ሥር ገብቷል፤ ጽጌረዳ የተሳለበት ኩባያ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሻዩ የጠረጴዛውን እግር ተከትሎ ወርዷል። መብራቱን ያጠፋው የለም።

የምርምር ተቋሙ ኮሪደር ውስጥ ሰዎች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቆመዋል። ሰው ሲሞት ቢያንስ አንድ የሚያለቅስ አይጠፋም። እዚህ ግን የሚሰማው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጩኸት ብቻ ነበር።

«ኩባያው የሷ ነው! አበባውን አላውቀውም እንዴ? በልታቸዋለች፤ ሰውየውን በልታቸዋለች!»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች የተማሪዋ እናት። ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ በልጇና በሰዎቹ መካከል ቆማለች። ልጇ በስልክ «ነይልኝ» ስትላት ልጄ ሞታለች ብላ ነበር እየሮጠች የመጣችው። በሕይወት ስታገኛት ደግሞ ሊሰቅሉብኝ ነው አለች። ለዚህች ሴት ከሁለቱ መካከል ያለ ነገር ኖሮ አያውቅም።

ተማሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን ታያለች። ወርቁን የሠራችው እሷ ናት። ኩባያውም የእሷ ነው። በምሳ ሰዓት ከፕሮፌሰሩ ጋር ስትጯጯህ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። የፖሊስ መኪና ከታች ቆሞ ይጠብቃል፤ ማንን እንደሚጠብቅም ሁሉም ገምቷል።

ኢንስፔክተሯ አጭር ሴት ናት፤ ስትራመድ ድምፅ የላትም። በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሞግሷት አይደለም። ያንኑ ጥያቄ መልሳ መላልሳ ስለምትነፋ ሰው ይሰለቻታል።

እንደ ደረሰች ወደ ክፍሉ አልገባችም። የክፍሉ በር ላይ የፊት ቁመት ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ መስኮት አለ፤ በዚያ አሻግራ አየች። ክፍሉ ጠባብና ሌላ መስኮት የሌለው ነው። መሐል ላይ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ወዲህ፣ ወደ በሩ በኩል፣ ትልቅ ባለ ፍሬም ሥዕል የሚያክል መስታወት በብረት ማቆሚያ ላይ ተገትሯል። መብራቱ ከመስታወቱ ኋላ ነው፤ ፕሮፌሰሩም ከመብራቱ ኋላ። መስታወቱ ሰማያዊ ነበር፤ እንደ ቡታ ጋዝ ነበልባል። ከኋላው የተደፋው ሰው ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል።

ከዚያ ገብታ ጠረጴዛውን ዞረች። ከሬሳው ጎን ቆማ ቀና ስትል ሰማያዊው የለም። በቦታው ወርቅ ቆሟል፤ ልስልስ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ወርቅ። የራሷን ፊት አየችበት።

ወደ በሩ ተመለሰች። አየች። እንደገና ዞረች።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ምንም። እጁን ከሥሩ አውጣልኝ።»

የፕሮፌሰሩ ቀኝ አውራ ጣት በአዲስ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ከመስታወቱ የላይኛ ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ የፕላስተሩ ልጣጭም ጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ የወርቁን የታችኛ ጥግ አየች። ሻዩ የተፈናጠረበት ቦታ ላይ ጠብታ ጠብታ የሚያክሉ ባዶ ክቦች አሉ። ወርቁ ከእነዚያ ላይ ተበልቶ ንጹሕ መስታወት ቀርቷል።

«ሬሳውን ሸፍናችሁ አውጡ» አለች። «እጁንም ሸፍኑ። ከኛ በቀር ማንም እንዳያየው።»

*

መጀመሪያ የገባው የግምጃ ቤት ኃላፊው ነበር። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ነገርኩሽ እኮ። ፊርማ ፈልጌ አንኳኳሁ፤ ዝም አሉ። በሩ ሲጎትቱት ራሱ ይቆለፋል፤ ትርፍ ቁልፍ ስላለኝ ከፈትኩ። ኩባያው ወለሉ ላይ፣ እሳቸው ተደፍተው። ጮህኩ።»

«ወደ ውስጥ አልገባህም?»

«ሬሳ ልስም ነው የምገባው? ከደጃፉ ነው የተመለስኩት።»

«ከዚያ በፊት መቼ አየሃቸው?»

«ከጭቅጭቁ በኋላ። ልጅቷን ገፍትረው አስወጧት። እያለቀሰች በፊቴ ሮጠች። እኔ ማቆሚያውን ይዤ ገባሁ። መስታወቱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ራሴ አቆመዋለሁ አሉኝ።»

«ብረቱን በየትኛው እጃቸው ተቀበሉህ?»

«በሁለቱም ነዋ! ከባድ ነው እኮ።»

«ጣታቸው ላይ ፕላስተር ነበር?»

«ምን ፕላስተር? እጃቸው እንደኔና እንዳንቺ እጅ ነበር። 'አንተ ዝገት፣ ውጣልኝ' አሉኝ፤ ወጣሁ። እንዲህ ነበር የሚያመሰግኑኝ።»

«መርዝ ያለበት ቁም ሳጥን አላችሁ አይደል?»

የግምጃ ቤት ኃላፊው ድምፅ ረገበ። «አለ። በሥራ ሰዓት ክፍት ነው። ማንም ሰው ሲፈልግ ይወስዳል። ስንት ጊዜ ይቆለፍ ብዬ…»

«ስንት ጊዜ?»

«… አንድ ጊዜ» አለ።

*

ተማሪዋን ስታስጠራ እናትየውም ተከትላ ገባች።

«አንቺ ውጪ ቆዪ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አልወጣም። ብትፈልጊ ጎትተሽ አውጪኝ። ብቻዋን አስገብተሽ ያላለችውን አለች ልትዪ ነው?»

ኢንስፔክተሯ እናትየውን ለጥቂት ጊዜ አየቻትና ወንበር አመለከተቻት። እናትየው አልተቀመጠችም።

«ስለ ወርቁ ንገሪኝ» አለች ኢንስፔክተሯ ለልጅቷ። «ላልተማረ ሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ።»

«ወርቅ በዓይን እስከማይታይ ድረስ ሲደቅ ወርቅ አይመስልም። ውኃ ውስጥ ሲሆን ቀይ ነው።»

«ወርቅ ቀይ?» አለች እናትየው። «ዝም ብለሽ እውነቱን ንገሪያት እንጂ ልጄ!»

«እውነቱ ነው እማዬ። ቀዩን ውኃ ሳህን ላይ አድርገን ከላዩ ዘይት እናፈስበታለን። ከዚያ ቅንጣቶቹ በራሳቸው ተነሥተው በውኃውና በዘይቱ መካከል ይሰለፋሉ፤ ትከሻ ለትከሻ። ማንም አይገፋቸውም። ስስ ቆዳ ይሆናሉ። ያንን ቆዳ ሳይቀደድ አንሥቶ ማንጠፍ ነው ሥራው። እዚህ ቤት እስከ ዛሬ የሚነጠፈው ጥቁር ሴራሚክ ላይ ነበር። ምክትል ኃላፊው ያወጡት ሥርዓት ነው። ጥቁር ላይ ሲሆን ብርሃን ስለማያሳልፍ ከየትም ብታዪው ወርቅ ነው። ያምራል።»

«አንቺ ግን መስታወት ላይ አነጠፍሽው።»

«አዎ። መስታወት ላይ የሚደበቅ ነገር የለም። ቆዳው የተበሳ ከሆነ ብርሃኑ በቀዳዳው ያልፋል፤ ሕፃን ልጅም ያየዋል። የኔው አንድም ቀዳዳ የለውም። ዛሬ ሲሳካልኝ ፕሮፌሰሩን ጠራኋቸው። አዩት። 'ከአሁን በኋላ ይሄ የኔ ሥራ ነው፣ አንቺ ሌላ ነገር ፈልጊ' አሉኝ። ጮህኩባቸው። በትከሻዬ ገፍትረው አስወጡኝ። ኩባያዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«መታጠቢያ ቤት ገባሁ። አለቀስኩ።»

«ማን አየሽ?»

«ሰው እንዲያየኝ ብፈልግ መታጠቢያ ቤት አልገባም ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ፊቷን ሳትለውጥ «ወርቅን የሚበላው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። «ሻይ ይበላዋል?»

«ሻይ? አይበላውም።» ልጅቷ ቀና አለች። «የሚበላው ሳይናይድ የሚባለው መርዝ ነው። የተበላሹትን ሴራሚኮች የምናጥብበት፤ በማይቆለፈው ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።»

«ዝም በይ!» እናትየው የልጇን አፍ በእጇ ልትይዝ ተንደረደረች። «አንቺው ነሽ ገመዱን የምታቀብያት? ዝም በይ!»

«አሁን ታስሪኛለሽ?» አለች ተማሪዋ በእናቷ ጣቶች መካከል።

«ሌላ ሰው ካላገኘሁ፣ ሳይመሽ አዎ» አለች ኢንስፔክተሯ።

እናትየው «እግዜር ይይልሽ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

*

የሟቹ እህት የተቋሙ አስተዳዳሪ ናት። ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አላለቅስም፤ እንዳትጠብቂ» አለች ገና ስትገባ። «እናታችን ታማ ስትጠራው 'ሥራ ላይ ነኝ' ያለ ሰው ነው። ከቀብሯ ወዲህ አንነጋገርም።»

«በአንድ ፎቅ ላይ እየሠራችሁ?»

«በጸሐፊዬ በኩል ነበር የምንሰዳደበው። እሷ ደግሞ ጨዋ ስለሆነች ስድቡን አለዝባ ታደርሳለች። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ የኖረው።»

«እርስዎ ገደሉት?»

«ብገድለው ዛሬን አልጠብቅም ነበር።»

«የቢሮዎ በር ወደ ኮሪደሩ ክፍት ነበር። ማንን አዩ?»

«ልጅቷን እያለቀሰች ስትሮጥ አየሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። እሱ የሚያስለቅሰው እኔን ብቻ እንዳልሆነ ሳይ ደስ ይለኛል። እሷ አልተመለሰችም፤ ወንድሜም ከክፍሉ አልወጣም። ማቆሚያውን ተሸክሞ ያ ለፍላፊ ገባ፣ ወጣ። በኋላ ምክትሉ ወደዚያ አለፈ። ሲመለስም አየሁት።»

«ምን ያህል ቆየ?»

«ሰዓት አልያዝኩለትም። ፍቅረኛዬ አይደለም።»

*

ምክትል ኃላፊው ጋዋኑን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ጋዋኑ በካውያ የተሳለ ይመስላል። ፈገግ ብሎ ገባ፤ ፈገግታው ግን ዓይኑ ድረስ አልወጣም።

«ክብርት እህታቸው በኮሪደሩ ሳልፍ አይተውኛል አይደል? አዎ አልፌያለሁ። ልደብቅሽ አልፈልግም።»

«ገቡ?»

«አልገባሁም። ፕሮፌሰሩ ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚገባባቸው ሰው አልነበረም። በበሩ መስኮት አየት አድርጌ ተመለስኩ።»

«ምን አዩ?»

«ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ፊት ጠጋ አለች። ከዚያ «ይቅርታ ዶክተር፣ አልገባኝም። ምን አዩ?» አለች።

«ተቀምጠው ከልጅቷ ኩባያ ሲጠጡ አየሁ። ወርቁ ፊታቸው ተገትሯል። ግሩም ወርቅ ነው፤ መካድ አልችልም።»

«ወርቁ ከበሩ ይታይ ነበር?»

«እንዴት አይታይም? ያበራል እኮ። ፖሊስ ስለሆንሽ ነው ይሄ ሁሉ እንግዳ የሚሆንብሽ።»

«ልክ ነዎት፤ እኔ አላውቅም። ስለዚህ ካስቸገርኩዎት ይቅርታ፤ ቆመው ያዩትን ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና ይንገሩኝ።»

ምክትሉ ተነፈሰ። የሰለቸው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ቶሎ ለመገላገል ብሎ ይበልጥ አብራራ። «ከበሩ ቆምኩ። ወርቁ እንደ ፊት መስታወት ነው። ፊታቸው ውስጡ ይታያል። ኩባያውን በዚያ ፕላስተር በጠቀለሉት አውራ ጣታቸው ደግፈው ይጠጣሉ። ጽጌረዳውን ለየሁት፤ የልጅቷ ኩባያ ነው። ይበቃሻል? ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ። ለሴት ስለምታዝኚ ካልሆነ በቀር የሚያጠያይቅ ነገር የለውም።»

«ይበቃኛል» አለች ኢንስፔክተሯ። «አመሰግናለሁ።»

*

ሁሉንም ወደ ኮሪደሩ አስወጣቻቸው። ማንም ማንንም ሳይነካ በክፍሉ በር አጠገብ ተሰለፉ። መብራቱ እንደበራ ነው፤ መስታወቱም ከቦታው አልተነሣም። ፕሮፌሰሩ በሞቱበት ወንበር ላይ ፖሊሱ ተቀምጧል።

«ይሄ ምን ድራማ ነው?» አለ ምክትሉ።

«አጭር ነው። አንድ በአንድ በመስኮቱ እያያችሁ የሚታያችሁን ንገሩኝ። አንተ ጀምር።»

የግምጃ ቤት ኃላፊው አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። «ሰማያዊ መስታወት።»

«ፖሊሱ ጣቱን አንሥቷል። ስንት ነው?»

«ጣት? ሰውየው ራስ እንዳለውም አልታየኝም። ጥላ ነው።»

እህትየው አየች። «ሰማያዊ። ከኋላው ሰው ይሁን ቁም ሳጥን አልለይም።»

«አንቺስ?» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ እናትየው ዞራ።

«እኔ ምን አገባኝ?»

«ዓይን አለሽ።»

እናትየው ልጇን አንድ ጊዜ፣ በሩን አንድ ጊዜ አየች። በዚህ መስኮት በኩል የምትናገረው ቃል ልጇን የሚያስበላት መሰላት። ቢሆንም ቀረበች። «ሰማያዊ ነው» አለች በቀስታ። «ሌላ አላየሁም። እውነቴን ነው፣ ሌላ አላየሁም።»

«ማንም ሌላ አላየም። ዶክተር፣ ተራው የእርስዎ ነው።»

«አላይም። ወርቅ ብርሃን ሲያልፍበት ምን እንደሚመስል ከአንቺ አልማርም።»

«አውቃለሁ፤ ያውቁታል። ለዚህ ነው እንዲያዩት የፈለግኩት።»

ምክትሉ ወደ መስኮቱ ቀረበ። አየ። ከመስኮቱ ለመመለስ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደበት። ሲዞር ፈገግታው የለም።

ኢንስፔክተሯ መናገር ጀመረች፤ ድምፅዋን አልጨመረችም።

«ይሄ መስታወት ሁለት መልክ አለው። ብርሃኑ ካለበት ወገን ቆማችሁ ካያችሁት ወርቅ ነው፤ ፊታችሁ ይታይበታል። ብርሃኑ ከኋላው ሆኖ ከዚህ ካያችሁት ሰማያዊ ነው፤ ፊትም ጣትም አይታይበትም። እኔም እንደ መጣሁ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ዞሬ አይቼዋለሁ። ዶክተሩ ግን ከበሩ ቆሜ የሚያበራ ወርቅ አየሁ፣ ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ውስጡ ሲታይ አየሁ አሉኝ። ያንን ማየት የሚቻለው ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ከፕሮፌሰሩ ጎን ሲቆሙ ብቻ ነው።»

«ልማድ ነው!» አለ ምክትሉ። «እድሜ ልኬን ጥቁር ላይ የተነጠፈ ወርቅ ነው የማየው። ከየትም ብታዪው ወርቅ ነው። ሰው የለመደውን ቀለም ቢናገር ገዳይ ይባላል?»

«አይባልም። ልማድ ወርቅ አስመስሎብዎት ይሆናል። ፕላስተሩንስ ልማድ ነው የነገርዎት?»

ወደ ግምጃ ቤት ኃላፊው ዞረች።

«ፕሮፌሰሩ ማቆሚያውን ሲቀበሉ ጣታቸው ደህና ነበር። አየህ አይደል?» የግምጃ ቤት ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ከወጣ በኋላ መስታወቱን ብቻቸውን አነሡና ጠርዙ ቆረጣቸው፤ ደማቸው ጠርዙ ላይ አለ። ፕላስተሩን ያደረጉት ያኔ ነው፤ ልጣጩ እዚያው ወድቋል። ከዚያ በኋላ ከክፍሉ አልወጡም። ሲሞቱ እጃቸው ከሥራቸው ነበር፤ ስናወጣቸው ተሸፍኖ ነበር። ያንን አውራ ጣት ከእኔና ከባልደረባዬ ሌላ ያየው ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም በሕይወት እያሉ አጠገባቸው የነበረው።»

«ልጅቷስ?» አለች እህትየው። ለመከራከር ሳይሆን ለማረጋገጥ ነው።

«ልጅቷ የተባረረችው መስታወቱ ሳይቆም፣ ጣታቸውም ሳይቆረጥ ነው። እንዳልተመለሰችም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ለምንስ ትገድላቸዋለች? ያንን መስታወት ፕሮፌሰሩ ቢሰርቋትም እንኳን ወርቁ እንዲታይላት ነበር የምትፈልገው። እንዳይታይ የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ጥቁር ሴራሚክ ላይ ቀዳዳ አይታይም አይደል፣ ዶክተር?»

ተማሪዋ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ያውቁ ነበር?» አለችው። «ሴራሚኮቹ ሁሉ የተበሱ መሆናቸውን ያውቁ ነበር? እኛ እኮ የእርስዎን ሥራ ልንደርስበት ስንት ዓመት…»

«ዝም በይ አንቺ!» ምክትሉ ጮኸ፤ በካውያ የተሳለው ሁሉ ከላዩ ተገፈፈ። «በአንድ ሳህን ውኃ ልታዋርጂኝ? ጥቁር ላይ ማን ጠየቀኝ? ማንም! አጨበጨቡልኝ እንጂ ማን ጠየቀኝ? እሱ ነው፣ ያንቺን መስታወት ካየ በኋላ በስልክ ጠርቶ 'ነገ የሴራሚኮችህን ወርቅ ሁሉ ፍቀህ መስታወት ላይ ታነጥፈዋለህ፣ በሰው ሁሉ ፊት' ያለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ።»

«ሲጠራዎት የመርዙን ጠርሙስ ኪስዎ ይዘው ነው የሄዱት?»

«መስታወቱን ላስበላው ነበር!» ድምፁ ተሰበረ። «ወርቁን ላጥፋው ብዬ ነው የያዝኩት። ከኋላው ቆምኩ። ኩባያው እጄ ሥር ነበር። ስጨምርበት እኮ በወርቁ ውስጥ ቁልጭ ብዬ እታይ ነበር። ቀና ቢል ያየኝ ነበር። አላየኝም። እሱ የሚያየው ራሱን ነበር።»

እህትየው ፊቷን አዞረች። «ይሄ እንኳ እውነት ነው» አለች።

ፖሊሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ። ካቴናው ሲቆለፍ ምክትሉ ጋዋኑን ለማስተካከል ሞከረ፤ እጁ አልደርስ አለው።

የግምጃ ቤት ኃላፊው ወደ ተማሪዋ ጠጋ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ እኔ እንኳን…»

«ልጅህ አይደለችም» አለች እናትየው። «ዞር በል።»

ዞር አለ።

ኢንስፔክተሯ ይቅርታ አልጠየቀችም። «መስታወቱን ለማስረጃ እወስደዋለሁ» አለች ለተማሪዋ። «የሚመለስ አይመስለኝም።»

«ሲጓጓዝ ቆዳው ይቀደዳል።»

«ይቀደድ። የሚነግረኝን ነግሮኛል።»

ተማሪዋ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከምሳ ሰዓት ወዲህ ያልታየው ቁጣዋም አብሮ መጣ። ወደ አስተዳዳሪዋ ዞረች። «ወንድምዎ ሥራው የእሳቸው ነው ብለው ነበር። አሁን የማን ነው?»

አስተዳዳሪዋ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። በዚያ ፊት ላይ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልነበረም። «ሌላ መሥራት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ያንቺ ነው። ነገ ጠዋት ጀምሪ። ካልተሳካልሽ ደግሞ እኔም እንደ እሱ ነኝ፤ አላዝንልሽም።»

«ነገ?» እናትየው መሐል ገባች። «እዚህ? ሰው በሞተበት ቤት? አንቺ ሴትዮ ልብ የለሽም? አትመጣም!»

«እመጣለሁ» አለች ልጅቷ።

ደረጃውን ሲወርዱ እናትየው የልጇን ክንድ አጥብቃ ይዛ ነበር፤ ደረጃው እንኳ የሚከዳት ይመስል። ከታች የቆመው መኪና ምክትሉን ጭኖ ሞተሩን አስነሥቷል። እናትየው መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሐሳቡን ለውጦ የሚመለስ መስሏታል።

«ይቅርብሽ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ወርቁም ይቅር፣ ስሙም ይቅር። አንቺ ብቻ ኑሪልኝ።»

«እዚህ የማልመጣ ከሆነ ሠርታው ነው የሸሸችው ይላሉ እማዬ። ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣና ጥቁር ላይ ያነጥፈዋል።»

እናትየው ይህን ቤት በሐሳቧ አንድ በአንድ ዞረችው፤ የማይቆለፈውን ቁም ሳጥን፣ ያቺን ደረቅ ሴትዮ፣ አፉ የማያርፈውን ሰውዬ። የልጇን ክንድ ግን አልለቀቀችም።

«እንግዲያው እኔም ነገ እመጣለሁ» አለች።

«ምን ልትሠሪ?»

«በሩ ላይ ልቀመጥ።»

«እማዬ፣ ማን ያስገባሻል?»

«ዛሬስ ማን አስገባኝ?» አለች እናትየው።